ራሷ «ና» ብትልህም አትሂድ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጠበቃ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ተጋጨንና ፍርድ ቤት ሄዳ እግድ አወጣችብኝ። ከቤት እንድወጣ፣ ቤቱም ሥራ ቦታዋም እንዳልደርስ፣ እንዳልደውልላት ታዘዝኩ። አሁን ገንደ ቆሬ እህቴ ጋ ነኝ። ቤቱ በእኔ ስም ነው። መተዳደሪያዬ ባጃጇም ግቢ ውስጥ ቆማ ቀርታለች። የዛሬ ሳምንት ግን ራሷ ደውላ ‹ልጅቷ ናፍቃሃለች፣ ና› አለችኝ። ሄጄ አብረን ምሳ በልተን ተመለስኩ፣ ምንም ችግር አልነበረም። አሁን ሽማግሌ ልልክ አስቤያለሁ። እግዱ እስከ መቼ ነው? መብቴስ ምንድን ነው? ፖሊስ ጣቢያ የሰጠሁትን ቃልስ መቀየር ይቻላል? የትእዛዙን ፎቶ ልኬልሃለሁ።»

መልስ፦ ድሬ ነንና እኔም በ«አንተ» ልቀጥል።

ወንድሜ፣ የላክህልኝ ፎቶ የትእዛዙ ሁለተኛ ገጽ ብቻ ነው። ማኅተሙና ፊርማው አለ። የመዝገብ ቁጥሩ፣ የችሎቱ ስምና የጉዳዩ ዓይነት ያለበት የመጀመሪያው ገጽ ግን የለም። ለአንተ ትልቁ ነገር ማኅተሙ መስሎህ ይሆናል። ለእኔ የሚበልጠው የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ ማን፣ በምን ጉዳይ፣ በየትኛው ሕግ እንዳዘዘህ የሚነግረኝ እሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ፣ መዝገቡን ያላየ ሰው የሰጠህ አጠቃላይ ምክር ነው ብለህ ያዘው። ነገ ጠዋት ሙሉውን ወረቀት ይዘህ አንድ ጠበቃ ፊት ቁጭ በል።

ያም ሆኖ ሁለተኛው ገጽም ይናገራል። እንዲህ ይላል፦ «…ተለዋጭ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ ተጠሪ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው አማካኝነት ከአመልካች ጋር ግንኙነት እንዳያደርግ…»። «ተጠሪ» ነው የሚልህ፤ «ተጠርጣሪ» ወይም «ተከሳሽ» አይልህም። እንግዲህ ይህኛው ወረቀት የወጣው ከቤተሰብ ችሎት ወይም ከሌላ የፍትሐ ብሔር ችሎት ይመስላል። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ግን ፖሊስ ጣቢያ ስለሰጠኸው ቃል ትጠይቀኛለህ። ፖሊስ ቃል ተቀብሎ የሚጽፈው የወንጀል ጉዳይ ሲኖር ነው። ስለዚህ ያልነገርከኝ ሁለተኛ መዝገብ አለ ማለት ነው።

ሌላም ያልነገርከኝ አለ። «ትንሽ ተጋጨን» ብለሃል። እንደ ወንድም ልውሰደውና፣ ዳኛ በትንሽ ግጭት ሰውን ከገዛ ቤቱ ሲያስወጣ አላየሁም። እጅ ተነሥቷል? ዛቻ ነበር? ዕቃ ተሰብሯል? ጎረቤት ገብቶ ገላግሏል? ከድል ጮራም ይሁን ከሌላ ሆስፒታል የሕክምና ወረቀት ቀርቧል? እዚህ ጻፍልኝ እያልኩህ አይደለም፤ እንዲያውም አትጻፈው። ለጠበቃህ ግን እንደወረደ ንገረው፣ ምስጢርህን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ደንበኛ «ትንሽ ነገር ናት» ብሎኝ ችሎት ገብቼ የጥርስ መሰበር ማስረጃ ከፊቴ ሲዘረጋ፣ ያኔ ልከራከርለት የምችለው ነገር ግማሹ አልቋል።

ደግሞ ከጣቢያ እንዴት ወጣህ? በዋስ ከሆነ ዋስህ ማን ነው? አሁን ያስጠጋችህ እህትህ ትሆን? ይህን ጥያቄ ያዘው፣ እመለስበታለሁ።

ሕጉን ባጭሩ ላስቀምጠው። እኛ አገር የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚመለከት የጥበቃ ትእዛዝ በአንድ አዋጅ ተጠቃልሎ አልተቀመጠም። ከተለያዩ ሕጎች ነው የሚለቀመው። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። የሐረር አንባቢዎች ግን ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው አንቀጾቹን ከእሱ ጋር አመሳክሩ። በፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 82 መሠረት የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት አስተዳደር ትእዛዝ ይሰጣል። ከሁለቱ አንዱ ከጋራ መኖሪያው መውጣት ካለበትም የልጆቹን ጥቅምና የባልና ሚስቱን ሁኔታ አይቶ ማን እንደሚወጣ ይወስናል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ጊዜያዊ እግድ ይፈቅዳል። በወንጀሉ በኩል ደግሞ ዋስትና ሲፈቀድ ግዴታ ሊያያዝበት ይችላል። የወንጀል ሕጉም የዛተ ሰው ከዛተው ነገር እንዲቆጠብ ግዴታ የማስገባትና ከተወሰነ ቦታ የመከልከል ሥልጣን ለፍርድ ቤት ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ አልከው? የቤተሰብ ችሎት ከሆነ ያዘዘህ፣ ሚስትህ ፍቺ ጠይቃ ይሆናል። «እግድ አወጣችብኝ» ብሎ መጥቶ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብለት የፍቺ መዝገብ ውስጥ እንዳለ ከእኔ የሚሰማ ባል ጥቂት አይደለም። ያንተም ያ ከሆነ ጥያቄህ ስለ እግዱ ብቻ አይደለም። መልስ ማቅረብ አለብህ፣ ለመልሱም የተቆረጠ ቀን አለው። ወረቀቱን ገልብጠህ እይ።

እስከ መቼ ነው ላልከው፣ መልሱ ወረቀትህ ላይ ተጽፏል፦ «ተለዋጭ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ»። ቀጠሮው ቀን አለፈ ማለት እግዱ አለቀ ማለት አይደለም። ዳኛ ቢታመም፣ መዝገቡ ለሌላ ቀን ቢዞር፣ ችሎት ዕረፍት ላይ ቢሆን እግዱ እንዳለ ነው። የሚያበቃው ፍርድ ቤቱ ሲያነሣው፣ ሲለውጠው ወይም ዋናው ጉዳይ ሲወሰን ነው።

አሁን ወደ ምሳው እንምጣ። ከደብዳቤህ ሁሉ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። አንተ ግን «ምንም ችግር አልነበረም» ብለህ በአንድ መስመር አለፍከው።

እግዱ የሚያዘው አንተን ነው፤ እሷን አይደለም። እሷ ብትደውል ትእዛዝ አልጣሰችም፣ አትደውዪ ያላት የለምና። አንተ ግን ስልኩን አንስተህ ስታወራ፣ በሩን አንኳኩተህ ስትገባ፣ ቀርቦልህ ስትጎርስ፣ እያንዳንዱ አንተ ላይ ይቆጠራል። «ፈቅዳልኝ ነው» አይሠራም። የከለከለችህ እሷ ስላልሆነች ልትፈቅድልህም አትችልም። በሩን የዘጋው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ቁልፉም ያለው እዚያው ነው።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚመጣ ልንገርህ፣ ሁሌም በአንድ መንገድ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ሰው ይጠነቀቃል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። ልጅ አተኩሷታል፣ ውኃ ጠፍቷል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል። ጥሪው ብዙ ጊዜ የእውነት ነው። ጓደኞችህ በርጫ ላይ ተቀምጠው «ልታሳስርህ ብላ ነው የጠራችህ» ይሉህ ይሆናል። በርጫ ላይ የሚሰጥ የሕግ ምክር እንዲሁ አይወደድልኝም፣ ይህኛው ደግሞ በአብዛኛው ስሕተት ነው። እኔ ያየሁት ናፍቆት ነው፣ የልጅ ነገር ነው፣ የገንዘብ ችግር ነው። ባልየው አንድ ቀን ይሄዳል፤ ሰላም ነው። ሌላ ቀን ይሄዳል፤ ያድራል። ከዚያ ያው የድሮው ጭቅጭቅ ይነሣል። ድምፅ ከፍ ይላል። ጎረቤት ይሰማል፣ ፖሊስ ይጠራል። ፖሊስ ሲደርስ የሚያገኘው እግድ የወጣበትን ሰው፣ እግድ በወጣበት ቤት ውስጥ ነው። ማን ጀመረው የሚል ጥያቄ እዚያ ላይ የሚያነሣልህ የለም።

ከዚያ ችሎት ትቀርባለህ። ንግግሩ አጭር ነው።

«ትእዛዙ ደርሶሃል?»

«አዎ።»

«ፊርማው ያንተ ነው?»

«አዎ።»

«ሄደሃል?»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ራሷ ጠርታኝ ነው።»

ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስትናገር፣ መሄድህን አምነሃል። ከዚያ በኋላ የምትለው ቅጣት ማቅለያ ይሆንህ እንደሆን እንጂ መከላከያ አይሆንህም። ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን ያላከበረን ሰው ሊቀጣው ይችላል። ከቅጣቱ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ነገ ስለ ልጅህ አያያዝ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ባጃጇ የሚወስነው ያው ችሎት ሊሆን ይችላል። «ትእዛዝ የማያከብር ሰው» የሚል ነገር መዝገቡ ላይ ከተጻፈ በኋላ «ልጄን በየሳምንቱ ልያት» ስትል የሚሰማህ ጆሮ ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ዋስህ ልመለስ። በወንጀሉ መዝገብ ላይ በዋስ የወጣኸው «ወደ ተበዳይ አልደርስም» የሚል ግዴታ ተይዞብህ ከሆነ፣ ያ ምሳ የጣሰው አንድ ትእዛዝ ብቻ ላይሆን ይችላል። ግዴታ ሲጣስ ዋስትናው ሊሠረዝ፣ አንተ ልትታሰር፣ ዋሱ የፈረመው ገንዘብም ለመንግሥት ገቢ ሊደረግ ይችላል። እህትህ ፈርማልህ ከሆነ፣ አንተ ሳቢያን ምሳ ስትበላ ገንደ ቆሬ ያለችው እህትህ ገንዘቧን አደጋ ላይ ጥላለች፣ ያውም ሳታውቅ። የፈረምከውን የዋስትና ወረቀት ቅጂ ከጣቢያው ወይም ከፍርድ ቤቱ ጠይቀህ አንብበው። ሁለት መዝገብ ካለ አንዱ ሲነሣ ሌላው አብሮ አይነሣም፤ ይህንንም አትርሳ።

«ግንኙነት» ሲባል በር አንኳኩቶ መግባት ብቻ እንዳይመስልህ። ሚስኮል ግንኙነት ነው። የቴሌግራም መልእክት፣ የኢሞ ጥሪ፣ ሌሊት ተልኮ ጠዋት የሚጠፋ የድምፅ መልእክት ግንኙነት ነው። «ለእማማ እንዲህ በያት» ብሎ ልጅን መላክ ግንኙነት ነው፣ ደግሞም ነውር ነው። ሥራ ቦታዋ ፊት ለፊት ባጃጅ አቁሞ ተሳፋሪ መጠበቅም እንደዚያው፤ «ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር» ብትል ማንም አያምንህም። ከዚራ ላይ በአጋጣሚ ብትገናኙ ሰላምታም ሳትሰጥ ዙረህ ሂድ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ማስታወሻህ ላይ ጻፍ። ሐረር ስትሄድ ብታገኛትም ያው ነው፤ ወረቀቱ ሌላ ካላለ በቀር እግዱ በሐረር መንገድ ላይ ያለችው ደንገጎ ጋ ሲደረስ አያበቃም።

እንግዲህ ያለፈው ምሳ ምን ይሁን? ለጠበቃህ ንገረው። የደወለችበትን የስልክ መዝገብና የላከችውን መልእክት አታጥፋ። ያ ማስረጃ ለመሄድ ፈቃድ አይሆንህም፤ እግዱ እንዲለወጥ ስትጠይቅ ግን ይጠቅምህ ይሆናል። አልሄድኩም ብለህ ግን እንዳትክድ። በተለይ በቃለ መሐላ። በሐሰት የተማለ ቃለ መሐላ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ከምሳው የከበደ ጣጣ ያመጣብሃል።

እንደገና ብትደውልስ? አታንሳ። ልጅቷ የእውነት ታማ ከሆነ ለጠበቃህ ደውል። ጠበቃ ካልያዝክ መዝገቡ ያለበት ፍርድ ቤት ሬጅስትራር (የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ) ዘንድ ሄደህ አስቸኳይ አቤቱታ አስገባ። መንገዱ ይረዝማል፣ ይገባኛል። የሚያዋጣው ግን እሱ ነው።

ሽማግሌውን በተመለከተ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ሽማግሌዎቹን ምን እንዲሉ ነው የምትልካቸው? «ይቅር በዪው» እንዲሉ ከሆነ፣ ወረቀትህ «በሌላ ሰው አማካኝነት» ይላል። ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ የተከበሩ ሦስት አባቶች ቢሆኑም «ሌላ ሰው» ናቸው። «ክሱን አንሺ፣ ቃልሽን ቀይሪ» እንዲሉ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። እሷ በወንጀሉ መዝገብ ላይ ዋና ምስክር ናት። ምስክርን ሰው ልኮ ማባበል ወይም ማስፈራራት፣ ለዋስትና መከልከያ ሕጉ ካስቀመጣቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ሽማግሌዎቹንም ፍርድ ቤት ታስጠራቸዋለህ።

ሽምግልናን አልጠላም፤ ስንት ቤት ያቆመ ነገር ነው። ግን በፍርድ ቤቱ በኩል ይምጣ። ጉዳዩ ፍቺ ከሆነ የቤተሰብ ሕጉ ራሱ ባልና ሚስት በመረጧቸው ሽማግሌዎች ጉዳያቸውን እንዲጨርሱ ፍርድ ቤቱ ሊያግባባቸው እንደሚችል ይናገራል። ያ ካልሆነ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። በጠበቃህ በኩል «ሽማግሌ እንዲታይልን» ብለህ አመልክት። እሷም ችሎት ቀርባ «እስማማለሁ» ካለች ያኔ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እግድ አልጣሱም።

ለመሆኑ እርቅ ቢወርድስ የወንጀሉ መዝገብ ይዘጋል? እንደ ወንጀሉ ዓይነት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስ ጉዳት በአካል ጉዳት ድንጋጌዎቹ እንደሚታይ ይናገራል፤ ባል በመሆንህ የሚቀነስልህ የለም። ቀለል ያሉት፣ ለምሳሌ ጉዳት ያላደረሰ የእጅ እልፊት ወይም ተራ ዛቻ፣ በግል አቤቱታ የሚያስቀጡ ናቸው። እነሱ ላይ እርቅ ለውጥ ያመጣል። ከበድ ያለ ጉዳት ከሆነ ግን ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። እሷ ይቅር ብትል እንኳ እሱ ይቅር የማለት ግዴታ የለበትም። የአንተ የትኛው እንደሆነ የሕክምናውን ማስረጃ ሳላይ አልናገርም፣ ማንም ሳያይ ቢነግርህም አትመን።

ይህን የምታነቢ እህት ካለሽ ደግሞ ላንቺም አንድ ነገር አለኝ። በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ ሦስት ወር ነው። «ሽማግሌ ይዞታል» እየተባለ ሦስቱ ወር ሲያልቅ አይቻለሁ። እግድ ካለሽም ቅጂውን ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ፣ ሌላውን በአቅራቢያሽ ላለው ፖሊስ ጣቢያ ስጪ። ልጁ አባቱን እንዲያይ ከፈለግሽ ራስሽ አትደውዪ፤ ፍርድ ቤቱን ጠይቂ። አንቺ በመደወልሽ አትቀጪም፤ ነገ ግን የእሱ ጠበቃ «አልፈራችውም፣ ራሷ ትጠራው ነበር» ብሎ ይሟገትብሻል።

ወደ አንተ ልመለስ። መብቴ ምንድን ነው ብለሃል፣ መብትማ አለህ። ትእዛዙንና አቤቱታውን ከነማስረጃው በጽሑፍ የማግኘት፣ የመሰማት፣ ማስረጃ የማቅረብ፣ በጠበቃ የመወከል መብት አለህ። ቢያስሩህ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ፣ ዝም የማለት መብት ሕገ መንግሥቱ ሰጥቶሃል። ያለአንተ መልስ የተሰጠ እግድ ከሆነ፣ ያው ያዘዘው ፍርድ ቤት እንዲያነሣው ወይም እንዲያሻሽለው ማመልከት ትችላለህ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜያዊ ትእዛዝ ላይ ወዲያው ይግባኝ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ ስለዚህ «ይግባኝ እልልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚቀበልህ ሰው ካለ አንቀጹን አሳየኝ በለው። ጠበቃ የመያዝ አቅም ከሌለህ የወንጀሉ ችሎት ተከላካይ ጠበቃ እንዲመድብልህ ጠይቅ። ለፍትሐ ብሔሩ ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለ፣ እሱን አፈላልግ።

ሰው ሁሉ «ይነሣልኝ» ብሎ ነው የሚያመለክተው። እኔ ግን ብዙ ጊዜ «ይሻሻልልኝ» ብሎ መጀመር ይሻላል እላለሁ። «ባጃጇ መተዳደሪያዬ ናትና በፖሊስ ታጅቤ እንዳወጣት ይፈቀድልኝ። ልብሴንና መንጃ ፈቃዴንም እንደዚሁ። ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስተኛ ሰው ባለበት እንዳያት ይወሰንልኝ።» እንዲህ ዓይነት የተለየ፣ የሚቆጠር ጥያቄ ዳኛ ለመፍቀድ አይከብደውም። ባጃጇን ግን ወንድምህን ልከህ እንዳታስወጣ፤ ያው «ሌላ ሰው» ነው። የባለቤትነት ደብተሩን፣ ብድር ካለባት የብድር ውሉን፣ የመንጃ ፈቃድህን ቅጂ ከአቤቱታው ጋር አያይዝ።

«ቤቱ በስሜ ነው» ያልከው ደግሞ እንደምታስበው አይደለም። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት በአንዱ ስም የተመዘገበ ንብረትም ቢሆን የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ከጋብቻ በፊት የገዛኸው ወይም የወረስከው ከሆነ ማስረጃውን ፈልግ። ለማንኛውም መውጣትህ ባለቤትነትህን አላሳጣህም፤ ለጊዜው ማን ይኑርበት ነው የተወሰነው። አደራ፣ በንዴት ቤቱንም ባጃጇንም ለመሸጥ እንዳትነሣ። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን፣ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረትንም ያለ ሁለታችሁ ስምምነት መሸጥ ሕጉ አይፈቅድም። 500 ብር ዛሬ የምን ዋጋ እንደሆነ አንተው ታውቃለህ፤ ባጃጅማ አይነሣም።

ለልጅህ ገንዘብ መስጠትህን አታቋርጥ። በቴሌብር የምትልክ ከሆነ «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ «ቀለብ» ብቻ ጻፍ። «ናፍቀሽኛል» የሚል ነገር ጽፎ የቀለብ ደረሰኙ የእግድ መጣሻ ማስረጃ ሆኖ የቀረበበት ሰው አለ። መላኩ ራሱ ይፈቀድ እንደሆነም ቀድመህ ጠበቃህን ጠይቅ፤ ካጠራጠረ ፍርድ ቤቱ የሚከፈልበትን መንገድ እንዲወስን አመልክት።

በኒካሕ የተጋባችሁ ከሆነ «ለምን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አንወስደውም» የሚልህ አይጠፋም። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የጋብቻና የፍቺ ጉዳይ ያያሉ፤ ሁለታችሁም ስትስማሙ ብቻ። የወንጀል ጉዳይ አያዩም፣ ሌላ ፍርድ ቤት የሰጠብህን እግድም አያነሡልህም።

ፖሊስ ጣቢያ የሰጠኸውን ቃል መቀየር የምትለውን ተወው። የተጻፈና የፈረምክበት ቃል አይፋቅም። መርማሪው ጋ ተመልሰህ «እንደዚህ ማለቴ ነበር» ብትል መዝገቡ ላይ ሁለት የማይገጥሙ ቃሎች ትተዋለህ፤ ዐቃቤ ሕግ የሚወደው ይህንን ነው። ያለ ጠበቃ ምንም አትጨምር። ቃሉን ስትሰጥ ተገድደህ ወይም ያልገባህን ፈርመህ ከሆነ፣ ያንን ለጠበቃህ በዝርዝር ንገረው፤ ክርክሩ የሚነሣው በችሎት ነው።

እንግዲህ ነገ ጠበቃ ጋ ስትሄድ የትእዛዙን ሙሉ ቅጂ ከመጀመሪያው ገጽ ጋር፣ አብሮ የደረሰህን አቤቱታ፣ የዋስትና ወረቀቱን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የልጅቷን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤቱንና የባጃጇን ደብተር ያዝ። ግቢ ውስጥ የቀረ ወረቀት ካለ ሰው ልከህ አታስመጣ፣ ዝርዝሩን ብቻ ጽፈህ ሂድ። ቀጠሮው ቀን የተጻፈው ብዙ ጊዜ ከታች፣ ከማኅተሙ አጠገብ ነው፤ በላክህልኝ ፎቶ ላይ ጣትህ ሸፍኖታል። ቀኑ ደርሶ ከሆነ ጊዜ አትግደል። የፍትሐ ብሔር ችሎት ላይ ተጠርተህ ካልቀረብክ ጉዳዩ በሌለህበት ሊታይ ይችላል፣ የእህትህ ቤት ገንደ ቆሬ መሆኑን ፍርድ ቤቱ ካላወቀ መጥሪያውም እዚያው ሳቢያን ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከማንኛውም አቤቱታ በፊት አዲሱን አድራሻህንና ስልክህን ለሬጅስትራሩ በጽሑፍ አስመዝግብ፣ ያስገባህበትንም ማኅተም ያለበት ቅጂ ተቀበል።